ቻርጀሩ ወጭት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የቆየ እንግሊዝኛ ለሚተረጉሙ አንባቢዎቻችሁ ትጠቅም እንደሆነ ይህችን ማሳሰቢያ ብታወጡልን።

በቆየ ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ ቃል ብዙም አያሳስትም፤ እሱንማ ሰው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያየዋል። ጉድ የሚሠራው የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እንይ። ማርቆስ 6፥25 ላይ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁን ራስ «ባይ ኤንድ ባይ» «በቻርጀር» እንዲሰጣት ትጠይቃለች። ቻርጀር ዛሬ የስልክ ነው፤ ያኔ ትልቅ የማዕድ ሳህን ነበር። ባይ ኤንድ ባይም ኋላ «ቆየት ብሎ» ሆነ እንጂ እዚህ ቦታ «አሁኑኑ» ማለት ነው። ሳያጣራ የተረጎመ ሰው የልጅቱን ጥድፊያ ቀጠሮ ያደርገዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በወጭት አሁን» ብሎ ጨርሶታል።

ከዚህ የሚብሰው ትርጉሙ የተገለበጠው ነው። «ሌት» ዛሬ መፍቀድ ነው፤ በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ግን መከልከል። ጥንት አንዱ ለመፍቀድ፣ ሌላው ለማገድ የሚያገለግሉ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ። ድምፃቸው አንድ ሲሆን ፈቃጁ አሸነፈ፤ አጋጁ «ዊዝአውት ሌት ኦር ሂንድራንስ» በሚለው የብሪታንያ ፓስፖርት ሐረግ ውስጥ እስካሁን አለ። «ፕሪቬንት»ም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 መከላከል አይደለም። ከላቲን ሲመጣ ቀድሞ መምጣት ነበርና አማርኛው «አንቀድምም» ይለዋል።

የቆየውን ተውላጠ ስም «ዛው»ን «እርስዎ» የሚያደርጉም አሉ፤ ግርማ ስላለው ይመስላል። የዚያ መጽሐፍ «ዛው» እና «ዚ» ግን ለማንም ይሁን ለአንድ ሰው የሚባሉ ናቸው፤ «ዪ» እና «ዩ» ለብዙዎች። ሉቃስ 22፥31-32 ላይ ኢየሱስ ለጴጥሮስ ሲናገር ሰይጣን «ሊያበጥራችሁ» ለመነ ካለ በኋላ «ስለ አንተ» ይላል። የዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ዩ» ስለሚል ልዩነቱን አያሳይም፤ አማርኛ ግን ምንም አይጠፋበትም።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ለተማሪ የሚዘጋጁ ትንንሽ መዝገበ ቃላት የዛሬውን ፍቺ ስለሚያስቀድሙ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል የወጣው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ፍቺዎችን በታሪክ ቅደም ተከተላቸው ይደረድራል፤ ከእያንዳንዱም ሥር ዓመት የተጻፈባቸው ጥቅሶች አሉ። መጀመሪያ የጽሑፋችሁን ዓመት እወቁ፤ ከዚያ ጥቅሶቹ በዚያ ዘመን አካባቢ የሚገኙበትን ፍቺ ፈልጉ፤ በመጨረሻ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተክታችሁ አንብቡት። ፍቺው ፊት የጩቤ ምልክት ካለ ዛሬ አይሠራበትም ማለት ነው፤ ለቆየ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እሱው ነው።

ማርቆስ 2፥23 ላይ ያለውን «ኮርን»ም በቆሎ አታድርጉት። በእንግሊዝ ኮርን ማለት እህል ነው፤ በቆሎ ደግሞ በደቀ መዛሙርቱ ዘመን ገና ከአሜሪካ አልወጣም ነበር። ደቀ መዛሙርቱ የቀጠፉት እሸት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትርጉም ባለሙያ