ችግኙ ይቆየን፣ መጀመሪያ ላሟን እናስወጣ፦ ለክልላችን የደን ጉዳይ ሀላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ሀላፊ፣ ትንሽ ላስረዝም ነውና ይታገሱኝ።

ደቡብ ጎንደርን ጎግል ማፕ ላይ በሳተላይት አይተውት ያውቃሉ? በበጋ ሲያዩት እርሻው ሁሉ ቡኒ ነው፣ እዚህም እዛም ጠብ ጠብ ያለ አረንጓዴ አለ፣ ቀረብ ሲያደርጉት መሀሉ ላይ የቆርቆሮ ጣራ ይታያል። ቤተክርስቲያን ነው። ከድሮው ጫካ የተረፈው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ እዛች ክብ ውስጥ ነው ያለው፣ አብዛኛው ደግሞ ከጥቂት ሄክታር አያልፍም። ያቆየው ዘበኛም አዋጅም አይደለም። አያቴ ወደ ቅጽሩ መጥረቢያ ይዘው አይገቡም ነበር፣ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ለደጀ ሰላሙ ማገዶ ይቀመጣል እንጂ ቤታቸው አያስገቡትም፣ ደን የሌለው ቤተክርስቲያን ልብሱን እንደተገፈፈ ሰው ነው ይሉ ነበር። ለሳቸው ዛፍ መጠበቅ ያው እንደ ጾም እንደ ስግደት ነው፣ የአየር ንብረት ምናምን የሚባል ነገር ሰምተውም አያውቁም።

አሁን ችግሩ ምን መሰለዎ፣ ደኑ አርጅቷል። ከሩቅ ግርማው አለ፣ ውስጡ ሲገቡ ግን ሁሉም ሽማግሌ ነው፣ ልጅ የለውም። ባለፈው ክረምት ከአንድ የደብራችን ቄስ ጋር ዝግባው ስር ቁጭ ብለን ሳይተከሉ ራሳቸው የበቀሉትን ቡቃያዎች ቆጠርን፣ ጣት የምታክል ጣት የምታክል፣ 41 ደረስን። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱ ሲለቀቅ ተመልሰን ሄድን፣ አንዷም የለችም፣ ያለው እበትና የኮቴ ዳና ብቻ ነው። ቄሱ ዝም ብለው ቆዩና «እኛ መጥረቢያውን ከለከልን፣ ላሟን ግን አላየናትም» አሉኝ።

ይሄ የኛ ደብር ብቻ ጣጣ አይደለም። የደን ተመራማሪው ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ የቤተክርስቲያን ደኖችን ለዓመታት ሲያጠኑ ከብት እንዳይገባ የታጠረውንና ያልታጠረውን አወዳድረው አይተውታል፣ የታጠረው ውስጥ ችግኝ ይተርፋል። ሌላም ያገኙት ነገር አለ፣ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ አይጠብቅም፣ ስለዚህ እናትየው ዛፍ ካለቀች በኋላ አፈሩን ብንጠብቀው ብንጠብቀው የሚበቅል የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

መፍትሄው ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ካብ ነው። አንዳንድ ደብሮች ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ እየካበ ዙሪያውን አጥሯል፣ ማሳውም ይጸዳል ደኑም ይከበራል፣ ሲሚንቶ የለው ምን የለው።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ አልቃወምም። ግን በየዓመቱ የተተከለው ይቆጠራል፣ ራሱ በቅሎ የተበላውን ማን ይቆጥራል? አንድ ቢሮ ሄደን ለካቡ ድጋፍ ብንጠይቅ «ችግኝ ከፈለጋችሁ እንሰጣለን፣ አጥር ግን ሪፖርት ላይ የሚገባበት ቦታ የለውም» ተባልን። የሰጡን ደግሞ ባህር ዛፍ ነው! እውነት ለመናገር ደብሮቹም ራሳቸው ይተክሉታል፣ ጣራ መቀየሪያ ብር ከየት ይምጣ፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን ከቅጽሩ ውጪ ይሁን፣ ውስጥ ሲገባ የአገር በቀሉን ቡቃያ ያቀጭጨዋል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ፣ አንደኛ ካብ እንደ ደን ልማት ስራ ተቆጥሮ ሪፖርቱ ላይ ይግባ። ከዛ የችግኝ ጣቢያዎቹ ዘር ከነዚህ ደኖች ይልቀሙ፣ ግን ከደብሩ ጋር ተነጋግረው፣ በር ላይ ጫማ አውልቀው። ባለሙያ ስትልኩም መጀመሪያ ቄሶቹን ያናግር፣ ስልጠና ሊሰጥ ሳይሆን ሊጠይቅ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያፈራ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መስጊድ ያቆየው ዛፍም ካለ እንደዛው።

የኛን በተመለከተ ጀምረናል። በምስራቅ በኩል ካቡ ጉልበት ድረስ ደርሷል፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። የምዕራቡ በኩል ግን ድንጋዩ ከወንዙ ማዶ ነው፣ በጀርባ አይሆንም። አንድ ገልባጭ መኪና ለሶስት ቀን ቢፈቅዱልን ከብቱ ሳይለቀቅ እንጨርሰዋለን፣ ነዳጁን እኛ እናዋጣለን።