ኮርኩት የፈጠራ ሰው አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ በቦስኒያዋ ከተማ በሳራዬቮ ስላለው ጥንታዊ የአይሁድ መጽሐፍ፣ ስለ ሳራዬቮው ሐጋዳ፣ የተጻፈውን ታሪካዊ ልብወለድ አስተዋውቃችሁናል። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ልብወለዱንም ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊያችሁ ሐጋዳውን ከናዚዎች ያስጣሉትን ሙስሊም የሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደራሲዋ ከራሷ ያመጣችው ገጸ ባሕርይ አድርገው አልፈዋቸዋል። ሰውዬው ነበሩ። ልብወለዱ ውስጥ ስማቸው ተቀየረ እንጂ ዴርቪሽ ኮርኩት ይባላሉ።

ሐጋዳ አይሁድ በፋሲካቸው ማታ ማዕድ ከበው የሚያነቡት፣ ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። የሳራዬቮው በ1350 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስፔን ውስጥ በብራና ተጽፎ በወርቅ የተዋበ ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ቤተሰቡ ማዕድ ቀርቧል። አብራቸው አንዲት ጥቁር ሴት ተቀምጣለች፣ ቂጣ ይዛ። ማን እንደሆነች የሚናገር አንድ ቃል የለም። ገጾቹ ላይ የወይን ጠጅ ጠብታ አለ። እኔ የኛን የብራና መጻሕፍት በእጄ አገላብጬ አውቃለሁ። እነሱ ላይ የሚገኘው የጧፍ ሰም ነው። ጣት ሲያርፍበት ይሻክራል። መጽሐፉ ሌሊት ሌሊት ሲነበብ እንደኖረ ያኔ ይገባችኋል። የወይኑ ጠብታም ለኔ እንደዚያው ነው።

የቀድሞ ባለቤቶቹ ታሪክ ክፍተት ይበዛዋል። በ1492 አይሁድ ከስፔን ተባረሩ። በ1609 ቪስቶሪኒ የሚባል የቤተ ክርስቲያን መርማሪ አይቶ አሳለፈው፤ ፊርማው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። በ1894 ነው ዮሴፍ ኮሄን የሚባል ሰው ለሳራዬቮ ሙዚየም የሸጠው። በመሀሉ ያሉትን ዘመናት ደራሲ እንደ ልቧ ብትሞላቸው መብቷ ነው፤ ልብወለዱም ያማረው በዚሁ ነው። 1942 ግን ክፍተት አይደለም።

በዚያ ዓመት የናዚው ጄኔራል ፎርትነር ሙዚየሙ ድረስ መጥቶ መጽሐፉን አምጡ አለ። ኮርኩት ቀድመው ከኮታቸው ሥር ወገባቸው ላይ ሸጉጠውታል። ዳይሬክተሩ ፔትሮቪች፣ ክሮኤሽያዊ ካቶሊክ ናቸው፣ አንድ የጀርመን መኮንን ቀድሞ መጥቶ ወስዶታል ብለው መለሱለት። ማን ነው ስሙ ሲላቸው፣ ስም መጠየቅ የኔ ቦታ መስሎ አልታየኝም አሉ። አስቡት፤ መጽሐፉ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አጠገባቸው በቆመው ሰው ወገብ ላይ ነው። ቢፈተሹ ሁለቱም አለቀላቸው። ኮርኩት ይዘውት ከከተማ ወጡ። ተራራማ መንደር ውስጥ ባለ መስጊድ ተደብቆ ጦርነቱን እንዳለፈ ይነገራል።

ኮርኩትና ባለቤታቸው ሰርቬት በዚያው ዓመት አንዲት አይሁዳዊት ልጃገረድ ቤታቸው ደብቀዋል። ሙስሊም የቤት ሠራተኛ አስመስለው፣ አሚራ ብለው። ከጦርነቱ በኋላ የዩጎዝላቪያው የቲቶ ኮሙኒስት መንግሥት ኮርኩትን ለዓመታት አሰራቸው። በ1994 ግን ኢየሩሳሌም ያለው፣ በናዚዎች ለተጨፈጨፉት አይሁድ መታሰቢያ የሆነው ያድ ቫሼም ባልና ሚስቱን አይሁድን ካዳኑ ጻድቃን ጋር መዘገባቸው። በ1999 ልጃቸው ከኮሶቮ ጦርነት ስትሸሽ የዚህን ምዝገባ የምስክር ወረቀት ቅጂ ይዛ ነበር። ወረቀቱን ያዩ የመቄዶንያ አይሁዶች ረዷት፤ እስራኤልም ተቀበለቻት።

በ1992 ሳራዬቮ ስትከበብም የሙዚየሙ ዳይሬክተር ኤንቬር ኢማሞቪች ከጥቂት ሰዎች ጋር በተኩስ መሀል ገብተው መጽሐፉን አወጡት። ወደ ባንክ ካዝና ገባ። እሳቸውም ሙስሊም ናቸው።

ልብወለዱን የሚያነብ ሁሉ ታሪኩን ላያጣራ ይችላል። የእናንተን ዓምድ ግን አምኖ ነው የሚያነበው። ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የኮርኩትን ስም በእርማት መልክ ብታወጡልን። ቦታ ካለ የሰርቬትንም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ