ከሶሻል ዲስትሪክቱ መውጫ ላይ ቅርጫት ይቀመጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ አሜሪካ በየመንገዱ መጠጣት ፈቅዳ መረን ለቀቀች ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ቁጣቸው ይገባኛል። ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ቢራ ይዞ መንጎራደድ ለብዙዎቻችን ነውር ነው። ግን እሳቸው የተቆጡበት ነገርና እዚህ በተግባር ያለው ነገር አይገናኙም። የምኖረው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከራሊ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። ማታ ማታ በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩኝን ሰዎች አመላልሳለሁ። ዓርብና ቅዳሜ እንጀራዬ በአብዛኛው ሶሻል ዲስትሪክት ከሚባለው፣ መጠጥ በኩባያ ይዞ መዞር ከሚፈቀድበት ሰፈር ሰው መጫን ነው። እና ከመሪው ጀርባ የሚታየኝን ልጻፍላችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው።

እዚህ በየመንገዱ መጠጣት የፈቀደ የለም። የሰሜን ካሮላይና ሕግ በ2021 የወጣ ነው። ከተሞች ከፈለጉ ወሰኑ በግልጽ የታወቀ አካባቢ እንዲለዩ ይፈቅዳል። እዚያ ውስጥ ፈቃድ ካለው ባር ወይም ምግብ ቤት መጠጥ የገዛ ሰው ኩባያውን ይዞ ወደ መንገዱ መውጣት ይችላል። ካናፖሊስ የምትባለው ከተማ ቀደመች። ራሊ በነሐሴ 2022 ጀመረች። ከወሰኑ አንድ እርምጃ ወጣ ካሉ ግን የድሮው ሕግ እንዳለ ነው።

ኩባያውን በቅርብ ያየ ሰው መረን የሚለውን ቃል ይተወዋል። ብርጭቆ መሆን አይችልም። ከ16 አውንስ አይበልጥም፣ ማለትም ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ላዩ ላይ የሸጠው ቤት ስምና የዲስትሪክቱ ምልክት መኖር አለበት። በኃላፊነት ጠጡ፣ ዕድሜያችሁም 21 ይሁን የሚል ጽሑፍም አለበት፤ የፊደሉ መጠን ሳይቀር በሕግ ተወስኗል። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አይሸጥም። ሱቆች ደግሞ ኩባያ የያዘ ሰው ማስገባት አለማስገባት የራሳቸው ፈንታ ነው። የፈቀዱት መስኮታቸው ላይ ስቲከር ይለጥፋሉ። ጫማ ቤት ገብተው በአንድ እጅ ድራፍት፣ በሌላው ጫማ ይዘው ዋጋ የሚጠይቁ ሰዎች አይቻለሁ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ነገሩ በዚህ ግዛት መሆኑ ደግሞ ይገርማል። ሰሜን ካሮላይና በ1908 በሕዝብ ድምፅ መጠጥን የከለከለች ናት። ዛሬም ውስኪ በጠርሙስ የሚሸጠው በአብዛኛው ኤቢሲ በሚባሉት የመንግሥት ሱቆች ነው። እሁድ ዝግ ናቸው። ሠርግ ደግሶ ቅዳሜ ማታ መጠጥ ያለቀበት ሐበሻ ሁሉ ይህን በደንብ ያውቃል። ኦሃዮ ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ2015 ነው። ሚሺጋን በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ምግብ ቤቶች ሰው ወደ ውስጥ ማስገባት ተስኗቸው ሲዘጉ። የእኛም ግዛት ምክንያት ያው ገበያ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ የራቃቸው ዳውንታውኖች ሰው ይፈልጋሉ። ኒው ኦርሊንስና ሳቫና የሚባሉት ከተሞችማ ከዚህ ሁሉ በፊት ለምደውታል።

ስለዚህ ሐሳቡን አልቃወምም። የኔ ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው፤ ዳሩ ላይ።

ሕጉ ከዲስትሪክቱ ከመውጣትህ በፊት መጠጡን ጣለው ይላል። ልክ ነው። አሁን ቅዳሜ ማታ እኔ የምቆምበትን ጥግ ላሳያችሁ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ዲስትሪክቱ እዚህ ያበቃል ይላል። መኪና ለመጫን የሚቆመው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ነው። ወዲህ ባለው ጠርዝ አራት ልጆች ኩባያቸው ግማሽ ድረስ ሞልቶ ቆመዋል። አንዷ ስልኳን እያየች «መጥቷል፣ መጥቷል» ትላለች። ቅርጫት የለም። ቅርብ የሚባለው ባሩ በር ላይ ነው፤ እሱም ሞልቶ ኩባያው መሬት ላይ ተደርድሯል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? አንዱ ዛፍ ሥር ይደፋዋል። አንዱ ጃኬቱ ውስጥ ሊደብቀው ይሞክራል። መኪናው ውስጥ ሲከፈት ሽታው ያስታውቃል። የምሠራበት መተግበሪያም ክፍት መጠጥ ይዞ መሳፈርን ይከለክላል፤ ስለዚህ አስወርጄ መጨቃጨቅ ነው። የቀሩት ሁለቱ አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ያደርጋሉ። በአንድ ትንፋሽ ይገለብጡታል።

ልብ በሉልኝ። የዚህ ሁሉ ዓላማ ሰው ቀስ ብሎ እየተጎነጨ፣ ሱቅ እያየ፣ ሙዚቃ እየሰማ እንዲንሸራሸር ነበር። ዳሩ ላይ ሲደርስ ግን ብሩን የከፈለበትን መጠጥ እንዳይደፋ ስስት ይይዘዋል። በግማሽ ሰዓት ሊጠጣ ያሰበውን በአሥር ሰከንድ ያወርደዋል። ሆዱ ውስጥ የሚፈላው መኪናዬ ውስጥ ነው። ያስመለሰበት ወንበር ስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጥ ሹፌር የሆነ ሰው ይንገራችሁ። የሌሊቱ ገቢ በዚያው አበቃ።

መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። እየዞሩ ይጠጡ ከተባለ እየዞሩ መሽናትም ይመጣል። ባሮቹ ለደንበኛ ብቻ ይላሉ። ሱቆቹ ከመሸ ይዘጋሉ። መኪና ማቆሚያ ሕንፃው ደረጃ ሥር ምን እንደሚሸት አልነግራችሁም።

ከባድ ነገር አይደለም የምጠይቀው። እያንዳንዱ መውጫ ሰሌዳ ሥር ቅርጫት ይቀመጥ፤ ፈሳሹ የሚደፋበትም ይኑረው። ሰሌዳው ካለበት ጎን መኪና ጭኖ የሚሄድበት ቦታ በቀለም ይከለል፤ ሰውም ከመንገድ መሀል መኪና ከማስቆም ይገላገላል። የሕዝብ መጸዳጃ ቢያንስ ዲስትሪክቱ እስኪዘጋ ክፍት ይሁን። ሕጉ ራሱ እያንዳንዱ ከተማ አካባቢውን እንዴት እንደሚያስተዳድርና እንደሚንከባከብ ዕቅድ አውጥቶ ድረ ገጹ ላይ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። የኛን ከተማ ዕቅድ አነበብኩት። ስለ ሰሌዳና ስለ ሰዓት ብዙ ይላል። ሰው እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ግን አንድ መስመር የለውም።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። ብዙ ጊዜ ግር ሲላቸው የማየው እንግዶችን ነው። ባለፈው በጋ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ጭኜ ነበር። ልጅየው ዳውንታውን እንድወስዳቸው ነገረኝ። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ አስቆሙኝና ቆርቆሮ ቢራ በከረጢት ይዘው ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይዘው እዚያ መዞር አይፈቀድም» አልኳቸው።

«ሰዉ ሁሉ ይዞ ይዞር የለም እንዴ?»

«እነሱ እዚያው የገዙትን፣ በዚያች ኩባያ ነው። ከውጭ የመጣ አይገባም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ቢራው ያው ቢራ አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ፖሊሱ የሚያየው ኩባያውን ነው። ቢራው ለቤት ተቀመጠ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ላላለቀለት ሰው ከፖሊስ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ነገር ሁሉ ጭንቀት መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። አዲስ ለመጣ ሰው ይህን ሳይደብቁ መንገር ነው።

ያለፈው ጽሑፍ ነገ ይሄ ነገር ወደ አዲስ አበባ ኮሪደር ይሄዳል ብሎም ይሰጋል። እዚያ ግን በረንዳ ላይ ድራፍት መጠጣት ድሮም አለ። ወንበሩ ከበረንዳው አልፎ የእግረኛ መንገድ ሲይዝ ያየ ማንም ወሰን ሲያሰምር አላየሁም። የዕድሜውም ነገር እንደ አሜሪካ 21 ነው፤ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከዚያ በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግን መታወቂያ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ስንቶቻችሁ አጋጥሟችኋል? እዚህ ሽበቴን እያዩ መታወቂያ አምጣ ይሉኛል። አንዳንዴ ደስ ይለኛል። ስጋት ካለ እዚያ ጋ ቢሆን ይሻላል እላለሁ፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጃምቦ መቅዳትን ከማስቆም ይጀመር።

የከተማችን ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ዲስትሪክቱን ወደ ሁለት ተጨማሪ መንገዶች ስለማስፋት ይነጋገራል። የሕዝብ አስተያየት ለሚሰጥ ሰው ሦስት ደቂቃ ይፈቀዳል። እኔ ሁለት ሹፌር ጓደኞቼን ይዤ ለመሄድ ተመዝግቤያለሁ፤ አንደኛው ስለ ቅርጫቱ፣ ሌላው ስለ መጸዳጃው፣ እኔ ስለ መጫኛው ቦታ እንናገራለን። በየከተማችሁ ዓርብና ቅዳሜ የምትነዱ ወገኖች ካላችሁ የከተማችሁን ዕቅድ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ተመልከቱት። መውጫዎቹን ካርታው ላይ አክብባችሁ ሂዱ። ምክር ቤቶቹ ውስጥ የባር ባለቤቶች ሁልጊዜ አሉ። ሰውን ቤቱ የሚያደርሰው ሲናገር ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢያችሁ
ከሰሜን ካሮላይና