አቡጊዳን ያልዘለሉት መምህርት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ ላይ በቅርቡ ያረፉት ጡረተኛ መምህርትና አያት ሲታወሱ የሚነሳው ደግነታቸውና ቤተ ክርስቲያን ሳሚነታቸው ብቻ ነው። የማስተማር ዘዴያቸውም ይነሳ እንጂ! ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት በስንጥር እያስጠቆሙ ነበር (ስንጥሩ ለመምቻ አልነበረም)። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ 231 ይሆናሉ። ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ይሸመድድና መሐል ላይ «ይህቺ ማን ናት?» ሲባል ከመጀመሪያው ካልተነሳ አይመልስም፤ የተማረው ጆሮው እንጂ ዓይኑ አይደለማ። ስለዚህ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከግርጌ ወደ ላይ ያስነብቡ ነበር። ከዚያ አቡጊዳው ይቀጥላል፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፤ እዚህ የ«ሀ ሁ ሂ» ተራ ስለሚፋለስ ሽምደዳ አያድንም። «ጸ»ን ከ«ጰ» የሚያምታታ ካለ ሁለቱን ብቻ ደጋግመው ያስጽፉታል። ዳዊት የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ ወዲያ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ከደሴ