ሳላለቅስ ስለሚፈሰው እንባ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር አራዳ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጀራዬ ዓይኔ ነው። ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘብኝና ኬሞ ጀመርኩ። ፀጉሬ እንደሚረግፍ ተነግሮኝ ስለነበር ሻሽ ቀድሜ ገዛሁ። ስለ ዓይኔ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሦስተኛው ዙር ላይ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። ክሩን በምራቄ አሹዬ አሹዬ ቀዳዳው ጋ ሳደርሰው መርፌው ይደበዝዝብኛል። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ስጠልፍ ጥለቱ ላይ ጠብ አለብኝ። የቀሚሱ ባለቤት «አይዞሽ፣ ያልፋል» አለችኝ። የማለቅስ መስሏት ነው።

ያኔ የእናንተን የጤና ዓምድ ጎረቤቴ እትዬ ቆርጠው አመጡልኝ። እርድና ጥቁር አዝሙድ ዓይንን ከኬሞ ጉዳት ይጠብቃሉ ይላል። እሳቸው ከራሳቸው ማር ጨመሩበት፤ ያውም ዓይኔ ውስጥ! እንደ እናቴ ስለሆኑ እምቢ ማለት ከበደኝ። አንዴ ጠብ አደረጉልኝ። ሌሊቱን ሲለበልበኝ አደረ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የምወስደው የኬሞ መድኃኒት ዶሴታክሴል የሚባለው ነው። መድኃኒቱ በእንባ ውስጥም ስለሚወጣ የእንባ መውረጃዋን ቀጭን ቱቦ ያጠብባታል አሉኝ። በጊዜ ከተደረሰባት ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ይገባላትና ክፍት ትቆያለች። ከተደፈነች ግን ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ማሩንም ስነግራቸው ተቆጡኝ። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል፤ ያልተጣራ ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ቁስል ያመጣል።

እርዱስ አልኩ። ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ሲጠና የቆየው በአብዛኛው በላቦራቶሪ ሴሎችና በአይጥ ላይ ነው። ተበልቶ ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው። የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኩዊኖንም ያው ነው። ወጥ ውስጥ ብትበዪው ችግር የለውም፣ በእንክብል መልክ ብዙ መውሰድ ግን ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ይችላል አሉኝ። ደግሞስ የጠበበ ቱቦ በእርድ ይሰፋል?

ዓምዳችሁ አይጥ የሚል ቃል የለበትም። ሁለቴ አነበብኩት። በሚቀጥለው ስትጽፉ ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ ጨምሩበት። ኬሞ የጀመረ ሰው እንባው ካለ ምክንያት ሲፈስ በዚያው ሳምንት ለነርሷ ይንገር ብላችሁም ጻፉ። እኔ አንድ ወር ሙሉ በመሐረብ ስጠርግ ነው የቆየሁት።

እርዱን አልጫ ላይ አልተውኩም። እትዬም ማሩን አሁን ለሻይ ነው የሚያመጡልኝ።

ልብስ ሰፊዋ
ከጎንደር