ወንዶቹን ጠርታችሁ እናትየዋን ረሳችኋቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ስለሆነችው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አጀማመር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የአሜሪካ ሜቶዲስቶች እናት የሚባሉት ወይዘሮ ባርባራ ሄክ የት ሄዱ?

እኚህ ሴት አየርላንድ ውስጥ በ1734 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከጀርመን ስደተኞች ዘር ተወለዱ። በ1760 ኒው ዮርክ ገቡ። በ1766 አንድ ቀን ወገኖቻቸው ካርታ ሲጫወቱ ደረሱባቸው። ካርታውን በሽርጣቸው ጠራርገው እሳት ውስጥ ጨመሩት ይባላል። ቁጣቸው በዚህ አልበረደም። በቀጥታ ዘመዳቸው ፊሊፕ ኤምበሪ ቤት ሄደው ስበክ አሉት። የሚሰማኝ ሰው የለም ብሎ ቢያንገራግር፣ ሰዉን ራሳቸው ሰበሰቡለት። ጉባኤው አምስት ሰው ነበር፤ አንዷ ቤቲ የምትባል ጥቁር አገልጋይ ናት። በ1768 እዚያው ኒው ዮርክ፣ ጆን ስትሪት በሚባል መንገድ ላይ ጸሎት ቤት ተሠራ። ግድግዳውን ኖራ ከቀቡት አንዷ እሳቸው ናቸው ይላሉ።

በአሜሪካ አብዮት ቤተሰቡ ከንጉሡ ወገን ስለነበር ወደ ካናዳ ተሰደዱ። እዚያም ያው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1804 በልጃቸው ቤት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

በሚቀጥለው እትም ሁለት መስመር እንኳ አትንፈጓቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ