ስለ ባትሪ ሳጥኑ ለልጄ የተጻፈ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የቱሉ ዲምቱም አቧራ እንደ ወትሮው ነው። ለባሌው ጉዞ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ የባትሪ ሳጥን በገዛ እጅሽ ለመሥራት ማሰብሽን ስትነግሪኝ፣ እናትሽ «የተሠራውን ለምን አትገዛም?» ብትልም እኔ ደስ ብሎኛል፤ ራስሽ የገጣጠምሽው ዕቃ ሜዳ ላይ ቢያስቸግርሽ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽና። ይሁን እንጂ የላክሽልኝን የዕቃ ዝርዝር ሳነብ ትልቁ ገንዘብ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት ለሚቀይረው ኢንቨርተር ተመድቦ፣ ፊውዝና ኬብል በመጨረሻው መስመር ላይ «ወዘተ» ውስጥ ስለገቡ ዝም ማለት አልቻልሁም።

በባትሪው ምርጫሽ እስማማለሁ። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ሞተሯ ሲነሣ 40 ዋት ገደማ ትወስዳለች፤ የቀኑን ሲሶ ያህል ብትሠራ በ24 ሰዓት ውስጥ 320 ዋት ሰዓት ይሆናል። ላፕቶፑ በ60 ዋት ሦስት ሰዓት ቢሠራ 180፣ መብራቱና ስልኮቹ ተደምረው 80 ቢወስዱ፣ ጠቅላላው ከ600 በታች ነው። ባለ 100 አምፒር ሰዓቱ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 12.8 ቮልት ስለሆነ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ጥቂት ብታስተርፊበት እንኳ ሳይሞላ ሁለት ቀን ሊጠጋ ይችላል። ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት የእርሳስ ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር አንድ ቀን ቢያቆይ ነው፤ ክብደቱ ከሊቲየሙ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሲሞላም ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሰው በሚተኛበት መኪና ውስጥ አይሆንም።

በኢንቨርተሩ ግን አልስማማም። ባለ 2000 ዋቱ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከባትሪው ከ150 አምፒር በላይ ይስባል፤ እንዲህ ባለ ባትሪ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 አምፒር በላይ ለረጅም ጊዜ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ገንዘብ የከፈልሽበትን አቅም ባትሪው ራሱ ይከለክልሻል። ከዚህም ሌላ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ቢያድር ባትሪ ይበላል። ፍሪጁ፣ መብራቱና ስልኩ በቀጥታ ከ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ላፕቶፑም የመኪና ቻርጀር አለው። ለካሜራሽ ቻርጀር ልክ እንደ ቤት መብራት ያለ ኃይል የሚሰጥ፣ «ንጹሕ ሳይን ዌቭ» የሚባለው ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ይበቃል። ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ለማፍላት አስበሽ ከሆነ ቡታ ጋዟን ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ የተረፈው ገንዘብ በኬብልና በፊውዝ ላይ ይዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ፍሪጁን ወይም ስልኩን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ ይህ ባትሪ በቅጽበት ከሺህ አምፒር በላይ ሊለቅ ስለሚችል፣ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ግሎ ልባሱ መንደድ ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከፖዘቲቭ ፖሉ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ይታሰር፤ ከፖሉ እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቅለት የለምና ያ ርቀት ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ለዋናው መስመር 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብልና በብሎን የሚታሰር የ60 አምፒር ፊውዝ፣ ለየሶኬቱ ደግሞ 2.5 ካሬ ሽቦና የ15 አምፒር ፊውዝ አድርጊ። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ በፊውዝ ፈንታ የቤት ብሬከር ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እንዳትቀበዪ፤ የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ በብሬከሩ ውስጥ የሚነሣው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል፤ የባትሪ ጅረት ግን ዜሮን ስለማያልፍ ብልጭታው ሳይቋረጥ ብሬከሩን ሊያቀልጠው ይችላል።

የኬብሉን ጫፍ በፒንሳ ጠምዝዘሽ ብሎን ሥር እንዳታስገቢው። የመዳቡን ጆሮ፣ ብሎን የሚገባበትን ቀለበት ማለቴ ነው፣ አጥልቀሽ በመጭመቂያው አጥብቂው፤ ከዚያ በሙሉ ጉልበትሽ ሳቢው፤ ከወጣ ቆርጠሽ እንደገና ሥሪው። የላላ ጫፍ በኮረኮንች መንገድ እየተንቀጠቀጠ ይግላል፤ ፊውዝ ደግሞ ይህን አያይም፤ የሚያልፈው አምፒር አልጨመረምና።

አሞላሉን በተመለከተ፣ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት 10 አምፒር ገደማ ስለሆነ የምታገኚው፣ ሙሉ ቀን ብትነጂም ባትሪውን አትሞዪውም። የመኪናውን ዲናሞ ከሊቲየሙ ጋር በቀጥታ ማገናኘትም አይገባም፤ ይህ ባትሪ የሰጡትን ሁሉ ስለሚቀበል ዲናሞው ያለ ዕረፍት ሠርቶ ሊቃጠል ይችላል። በመካከላቸው ከመኪናው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ ለባትሪው የሚሰጥ የ20 አምፒር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር አስገቢ፤ ከኮፈኑ ሥር የሚመጣው ኬብልም በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይኑረው፤ ሁለቱም ወገን ባትሪ ነውና። በዚህ ዓይነት ባዶውን ብትነሡ እንኳ ጎባ ሳትደርሱ ይሞላል።

ይልቅ የሚያሳስበኝ የባሌው ከፍተኛ ሜዳ የሰነቲ ብርድ ነው። እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ፣ የእኛ ሰፈር ስም ሞክሼ፣ 4377 ሜትር ከፍታ አለው፤ በበጋ ሌሊት አካባቢው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህ ባትሪ በብርድ ኃይል መስጠት ይችላል፤ ከዜሮ በታች ሆኖ ሲሞላ ግን ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ይጋገርና አቅሙ ለዘለቄታው ይቀንሳል። ስትገዢ መቆጣጠሪያው በብርድ መሙላትን የሚያቋርጥ መሆኑን ጠይቂ፤ ሳጥኑም ሌሊት መኪናው ውስጥ ይደር፤ ጠዋት ሶላር የምትሰኩ ከሆነም ከዚያ በፊት ባትሪው ይሙቅ።

ለሳጥኑ ኮምፔንሳቶውን በልክ አስቆርጬ አቆይሻለሁ። ቅዳሜ ስትመጪ በትራፓኖ እንበሳዋለን፤ ለኢንቨርተሩ ሙቀት ከታችና ከላይ ቀዳዳ፣ ባትሪውን ከወለሉ ጋር የሚያስር ጠንካራ ቀበቶ፣ ለፖሎቹም የጎማ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ዋናውን ፊውዝ ሁሉንም መስመር በቴስተር ከለካን በኋላ በመጨረሻ እናስገባዋለን። ኢንቨርተሩን ገዝተሽው ከሆነ ካርቶኑን ሳትከፍቺ ከነደረሰኙ ይዘሽው ነይ።

አባትሽ